ይዋጣልን

በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ወደ ቆቦ የወረድኩት በጓደኛዬ ቢኤምደብሊው ነበር። ሁለት በር፣ ቀይ፣ መሬት ልትስም ምንም ያልቀራት መኪና ናት። በየከተማው መግቢያ ያለው ጉብታ ሆዷን በፋቃት ቁጥር ጓደኛዬ የራሱ ሆድ የተፋቀ ይመስል ፊቱን ያጨማድዳል። ከአዲስ አበባ ቆቦ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስንት ጉብታ እንዳለው እናንተው ገምቱት።

በየመንገዱ የሚያደንቀን ሰው ይበዛል ብዬ ነበር። የሚያደንቅም አልጠፋም፤ የበዛው ግን የሚፎካከረን ነው። ደብረ ብርሃንን እንዳለፍን አንድ አባዱላ ከኋላችን መጥቶ መብራቱን ብልጭ ብልጭ አደረገብን። ጎናችን ሲደርስ ረዳቱ በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ «ይዋጣልን!» አለ። መኪናው ሰው ጢም ብሎበታል፤ አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው በመስታወቱ ያዩናል። ከሸዋ ሮቢት ወዲያ ቪ8 ላንድክሩዘር፣ ከኮምቦልቻ መውጫ ላይ ደግሞ ቪትዝ መጣ። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ እያጋነንኩ አይደለም፣ ባጃጅ። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ አጠገባችን ቆሞ እጀታውን እያጠማዘዘ ሲያንጫርረው እኔ በሳቅ ሞትኩ። ጓደኛዬ ግን ፈገግ ብሎ በእጁ «እለፍ» አለው።

ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ጓደኛዬ ለዚህ ነገር የራሱ ሥርዓት አለው። የሚፎካከረውን ሰው ፊቱን አያየውም፤ «ዓይን ለዓይን ከተያየን ተስማማን ማለት ነው» ይላል። ቆሞ ሞተር አያስጮህም። ከኋላው የሚያጣድፍ ሲመጣ ቀኝ ፍሬቻ አብርቶ ጠርዝ ይይዝና ፍጥነቱን ትንሽ ይቀንሳል። ሰውየው ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀስ እያለ ሊጠብቀው ከሞከረ፣ ጓደኛዬ መጀመሪያ ያገኘው ከተማ ላይ ወርዶ ቡና ይጠጣል። ያን ቀን አራት ቦታ ቡና ጠጣን።

እኔን ግን አረረኝ። «ይቺን የመሰለች መኪና ይዘህ በአይሱዙ ትቀደማለህ?» አልኩት።

«እኔ እንደምቀድመው አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል። ታዲያ ለማን ነው የምናሳየው?»

መልሱ አላጠገበኝም።

ማታ ቆቦ ገብተን አጎቴ ቤት አረፍን። ጋሼ ሰባዎቹን የያዙ ሰው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የጭነት መኪና ነድተዋል፤ አብዛኛውን ዘመን ሾፌሮቹ «ኤንትሬ» የሚሉትን ፊያት። የቀኑን ውሎ እየተሳሳቅን ስንነግራቸው እሳቸው አልሳቁም። ጓደኛዬን ትክ ብለው አዩትና «ይሄ ልጅ ፈረስ ያለው ሰው ጠባይ ነው ያለው» አሉ።

«እንዴት ጋሼ?»

«ድሮ ደህና ፈረስ ያለው ሰው መንገድ የሚሄደው በበቅሎ ነበራ!»

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይቺ አንድ አረፍተ ነገር ናት።

ፈረስ ለሜዳ፣ በቅሎ ለመንገድ

ነገሩ እንዲህ ነው። በቀድሞው ዘመን መኳንንት ሲጓዝ የሚቀመጠው ሰጋር በቅሎ ላይ ነው። ፈረሱ ጌጡን ለብሶ፣ ሰው ሳይቀመጥበት፣ እየተሳበ ከኋላ ይከተላል። በቅሎ ገደል ላይ እግሯን አትስትም፣ አረማመዷ ወገብ አይሰብርም፣ ከማንም ጋር እልህ አትጋባም። ፈረስ የሚፈለገው ለጦርነትና ለጨዋታ ቀን ነው። የሰውየው ስም ራሱ በፈረሱ ነበር የሚጠራው፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ የእኛው የወሎ ንጉሥ ሚካኤል ደግሞ አባ ሻንቆ። እንግዲህ አስቡት፤ ስሙን በፈረሱ የሚያስጠራ ሰው እንኳ ፈረሱን የመንገድ መሄጃ አላደረገውም።

ታዲያ ያኔ «ይዋጣልን» የሚል አልነበረም? ሞልቶ! ግን ለዚያ ሜዳና ቀን ነበረው። ጉግስ ማለት ያ ነው። በጥምቀትና በመሳሰሉት በዓላት ፈረሰኞች ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል። አባራሪው ጫፉ ያልሾለ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። ቀጥሎ ተራው ይገለበጣል። አዲስ አበባ ላይ ጃንሜዳ ለዚህ የታወቀ ቦታ ነበር። ጋሼ በልጅነታቸው እዚሁ ቆቦ ሜዳ ላይ ያዩትን ሲያወሩ እጃቸው ሳይታወቃቸው ልጓም ይይዛል።

ጨዋታው ለስላሳ ነበር እያልኩ አይደለም፤ ሰው ይወድቃል፣ ይሰበራል። ግን ሦስት ነገሮች ነበሩት። ሜዳው የሚጋልቡት ሰዎች ነው፤ ገበያተኛ አያልፍበትም። የገቡት ሁሉ ወደውና ፈቅደው ነው የገቡት። ዳር ላይ ደግሞ «ይብቃ» ሲል የሚሰማ ሽማግሌ ቆሟል። ሌላም ነገር አለ፤ የዛሬው ሸሺ ትንሽ ቆይቶ አባራሪ ስለሚሆን መሸሽ ውርደት አልነበረም። የጨዋታው ግማሽ ነበር።

ሀገሩ ራሱ ለግልቢያ የተፈጠረ ነው። ከወልድያ ወርዳችሁ፣ አላውሃን ተሻግራችሁ፣ ጎብዬን ስታልፉ ተራራው ሁሉ ወደ ኋላው ይሸሻል። በስተምዕራብ የላስታ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ በስተምሥራቅ ዞብል። መሀሉ ጠፍጣፋ የማሽላ ሀገር ነው፦ ሮቢት፣ ቆቦ፣ ዋጃ፣ አላማጣ። ከዚያ ግራ ካሕሱ መንገዱን እንደ እባብ አጠማዝዞ ወደ ኮረም ያወጣዋል። ከጣርማ በር ጀምሮ ዳገትና ኩርባ ሲያሸው የመጣ ሾፌር እዚህ ቀጥ ያለ አስፋልት ሲያይ እግሩ ነዳጅ ላይ ይከብዳል። አልፈርድበትም። እኔም እግር አለኝ።

ሜዳው ላይ የተዘረጋው መንገድ

መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በረሃውን አቋርጦ አምጥቶ ለምኒልክ አሳየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩባት። ወደ እኛ ሜዳ መኪና በብዛት የመጣው ግን ለመታየት አይደለም።

መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ። ያፈገፈገው ሠራዊት ከእኛ በላይ፣ አሸንጌ ሐይቅ ዳር፣ በአውሮፕላን ተደበደበ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የጣሊያን ጦር ደሴ ገባ። ከዚያ የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ የተሠራ ይመስላል። ማርሻል ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ሚያዝያ 18 ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ተንቀሳቀሰ። በሌላ በኩል ጄኔራል ግራዚያኒ በኦጋዴን አድርጎ ወደ ሐረር ይገሰግሳል፤ ባዶሊዮ ደግሞ መቀደም አይፈልግም። ጉዞውን «የብረት ቁርጠኝነት ጉዞ» ብለው ሰየሙት። ዝናብ ወረደ፣ ጭቃ ያዛቸው፣ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ፈርሶ ጠበቃቸው። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። እስቲ አስሉት፦ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሥር ቀን። በቀን 40 ኪሎ ሜትር። ይህን ያህልማ በቅሎም ትሄዳለች!

ከዚያ ጣሊያን ከአስመራ አዲስ አበባ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመውን መንገድ ሠራ፤ በእኛም ሜዳ መሀል አሳለፈው። በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲሄድ መንገዱን ብቻ ሳይሆን ቃላቱንም ትቶልን ሄደ። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኮፋኖ፣ ፍሬቻ፣ ቢያጆ፤ ሁሉም የጣሊያን ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የመኪናውን አካል ስም ከጣሊያን ብንወስድም የመሽቀዳደሙን ቃል ከፈረስ ቤት ነው ያመጣነው። ሾፌር ሲያበዛው ዛሬም «ጋለበው» ነው የምንለው። ሲያብድ «ልጓም የሌለው» ነው የምንለው። መኪናው አዲስ ቢሆንም ፍላጎቱ አሮጌ ነው፤ ፈረሱ ሄዶ ፈረሰኛው ቀርቷል።

የቀረው ፈረሰኛ ነው እንጂ ሜዳው አይደለም። ሜዳውና መንገዱ አንድ ሆኑ። እዚያው አስፋልት ላይ ገበያተኛ ይሄዳል፣ ግመል ይሻገራል፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። ሽማግሌም የለም።

የጋሼ ዘመን ሾፌሮች ክፍተቱን በራሳቸው መንገድ ሞልተውት ነበር። ጋሼ ረዳት ሆነው የጀመሩት በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ሀገሪቱ በግራ መንዳት ትታ ወደ ቀኝ የዞረችበት ዓመት። «መጀመሪያ የተማርኩት ጠርዝ መያዝን ነው፤ መሪ መያዝን ከዚያ በኋላ ነው» ይላሉ። መንገድ ላይ ሾፌሮች የሚነጋገሩት በፍሬቻ ነው። ፊት ያለው ትልቅ መኪና ቀኙን ካበራልህ «እለፍ፣ ፊቴ ክፍት ነው» ማለቱ ነው። ግራውን ካበራልህ «ቆይ፣ የሚመጣ አለ» ይልሃል። ይህን የሚነግርህ ሰው አያውቅህም፤ ልትቀድመው የመጣህ ሰው ነህ። እሱ ግን የራሱን ዓይን ያበድርሃል።

«እርስዎስ ይሽቀዳደሙ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወጣት አልነበርኩም እንዴ!» አሉ። «ግን ኤንትሬ ሙሉ ጭነት ይዞ ምን ያህል ሊያብድ ነው? ሞተሩ ራሱ ይብቃህ ይልሃል።»

ሽማግሌው ሞተሩ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀላሉና ፈጣኑ አይሱዙ በመንገዱ ላይ በዛ። ሕዝቡ «አልቃይዳ» አለው። ሲኖትራክ ሲመጣ ደግሞ «ቀይ ሽብር»። ድሮ ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ አሁን መኪናው በገዳይ ስም ተጠራ። እዚህ ላይ ግን ሾፌሩን ብቻ መርገም ልክ አይመስለኝም። የአባዱላና የአይሱዙ ሾፌር የሚሽቀዳደመው ሁልጊዜ ለስሙ አይደለም። ተራ ቀድሞ ከያዘ አንድ ቢያጆ ይጨምራል፤ ቲማቲም ከጫነ ገበያ ቀድሞ የገባ ነው ዋጋ የሚቆርጠው። በምሥራቅ በኩል ጫት የሚጭኑት መኪኖች ፍጥነታቸው የታወቀው ቅጠሉ ከደረቀ ዋጋ ስለሌለው ነው። ለእንጀራው የሚሮጥ ሰውና ለጉራው የሚሮጥ ሰው አንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ፤ ከኋላ ሆነው ሲመጡ መብራታቸው አንድ ዓይነት ነው። ይህን የምለው አንብቤ አይደለም።

ከሮቢት እስከ ቆቦ

በጥምቀት ማግስት ሮቢት ዘመድ ልጠይቅ ስል ጓደኛዬ ቁልፉን ሰጠኝ። ስመለስ ብቻዬን ነበርኩ። ሰዓቱ ወደ አሥር ሰዓት ነው፤ መንገዱ ባዶ፣ ፀሐይዋ በላስታ በኩል ዘቅዘቅ ብላለች። አንድ ነጭ ፒክአፕ ከኋላዬ መጣና መብራቱን ብልጭ አደረገ። ክላክሱን ለቀቀው። በልቤ «መጣህ አይደል?» አልኩ።

ቀኝ ፍሬቻ የሚያበራው ጓደኛዬ አጠገቤ የለም። ነዳጁን ረገጥኩት። 120፣ 130፣ 140። ፒክአፑ በመስታወቴ ውስጥ እያነሰ ሲሄድ ሰውነቴን ሁሉ ደስ አለው። አልዋሽም፣ ደስ ይላል። ያ ደስታ ባይኖር ኖሮ ጉግስም አይኖርም ነበር።

ከዚያ ከማሽላው አገዳ ጀርባ ግመሎች ብቅ አሉ።

ፍሬን ያዝኩ። ጎማው ጮኸ፣ የመኪናዋ ጅራት ወደ ግራ ሸሸ፣ እንደምንም ቆመች። በእኔና በመጨረሻዋ ግመል መካከል አሥር እርምጃ ቢኖር ነው። ከኋላዋ አንድ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በዱላው ላይ እንደሰቀለ ቆሟል። አልሰደበኝም። ዝም ብሎ አየኝ።

በኋላ ሂሳቡን ሠራሁት። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 39 ሜትር ነው። አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግርን ወደ ፍሬን ለማዛወር አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ፣ ፍሬኑ ገና ሳይነካ 58 ሜትር ተሄዷል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው ርቀት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ100 ወደ 140 ሲወጣ እንኳ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። በ100 ስትሄድ የምታተርፈውን ልጅ በ140 ላታተርፈው ትችላለህ፤ አሪፍ ሾፌር መሆንህ አይለውጠውም። ሕጉም ይህን ያውቃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግልጽ ደንብ ጥሶ በቸልተኝነት ሰው የገደለን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግመሎቹ ካለፉ በኋላ እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀስ ብዬ መንዳት ጀመርኩ። ፒክአፑ ደረሰብኝ፤ እንደገና ክላክስ፣ እንደገና መብራት። እና ምን አደረግኩ? አላሳለፍኩትም። አፍሬ ነበር፤ ሐፍረቴ ደግሞ ወደ እልህ ዞረ። መሀል መንገዱን ይዤ እስከ ከተማው መግቢያ ድረስ አንቀረፈፍኩት። ሊቀድመኝ ሲሞክር ወደ ግራ ጠጋ እላለሁ፤ ይመለሳል።

ከተማው መግቢያ ላይ ሰፋ ሲል አለፈኝ። ያኔ አየሁ። የፒክአፑ ጭነት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ፍራሹ ላይ ሴት ተኝታለች፤ ሆዷ ይታየኛል። ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነጠላ ዘርግተው ጥላ ሆነውላታል። ሾፌሩ ሲያልፍ ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም። ሊሽቀዳደመኝ አልነበረማ።

በሆስፒታሉ በር ሳልፍ ፒክአፑ ቆሟል። የኋላው ተከፍቷል። ፍራሹ ብቻ ቀርቷል። ወርጄ ልጠይቅ እግሬን አነሣሁና መልሼ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ? ማን ነኝ ብዬ?

ማታ ለጋሼ ነገርኳቸው። የወሎ ሰው ናቸውና ለሁሉም ነገር «አብሽር» ይላሉ፤ ብርጭቆ ሲሰበር አብሽር፣ ዝናብ ሲጠፋ አብሽር። ያን ቀን አብሽር አላሉኝም። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «ከኋላህ ያለው ምን እንደጫነ አታውቅም» አሉ። ጓደኛዬ ቁልፉን ተቀብሎኝ ምንም ሳይናገር ሄዶ የጎማውን ጥቁር ምልክት አየ።

ሜዳውን ማን ይመልሰው

የሚገርመው፣ አሜሪካኖችም እዚህ ጋ ደርሰው ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና እያሻሻሉ ጎዳና ላይ ይሽቀዳደሙ ነበር። ዋሊ ፓርክስ የሚባል ሰው በ1951 እ.ኤ.አ. የሆት ሮድ ማኅበር አቋቋመ። «አትሽቀዳደሙ» አላላቸውም። ከጎዳና አውጥቶ አሮጌ የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ አሰለፋቸው፦ ሩብ ማይል፣ 402 ሜትር ቀጥ ያለ መንገድ፣ ሁለት መኪና፣ አንድ አስጀማሪ። ሰው የማያልፍበት ሜዳ፣ ወደው የገቡ ተፎካካሪዎች፣ ዳር የቆመ ሽማግሌ። ይህን ሳነብ ጋሼ ትዝ አሉኝ። እኛ የነበረንን ነገር ነው በአዲስ ስም የሠሩት።

ከዚያ ጥምቀት ወዲህ ብዙ ነገር ሆኗል። በቆቦ ሜዳ ጦርነት አለፈበት፤ ሾፌር ሁሉ የሚመኘው ያ ቀጥ ያለ መንገድ ሰው ልጁን አዝሎ በእግሩ ሲሸሽበት ከረመ። ጓደኛዬ ቢኤምደብሊዋን ሸጣት። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ሲከለከል አዲስ አበባ በኤሌክትሪክ መኪና ተሞላች። እኔም በባንክ ብድር አንዲት ትንሽ ገዛሁ። ድምፅ የላትም፣ መልኳም ትሑት ነው። ግን ማርሽ መቀያየር ስለሌላትና ሞተሩ ገና ከቆመበት ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ፣ አረንጓዴ ሲበራ ድሮ ባለ ሀብት ብቻ የሚነዳቸውን መኪኖች ጥላ ትነሣለች። በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባል የለ? ይቺማ መልኳ በቅሎ፣ ልቧ ፈረስ። ዛሬ ፈረሱ በየቤቱ ገብቷል፤ ያውም ልጓሙን ገና ባልለመደ ሰው እጅ።

ባለፈው ሳምንት ከቦሌ ወደ መገናኛ ስሄድ አንድ እንደ እኔው ዓይነት መኪና ከኋላዬ መጣ። መብራቱን ሁለት ጊዜ ብልጭ አደረገ። በመስታወት ሳየው ወጣት ልጅ ነው፣ መነጽር አድርጓል። እግሬ ከበደኝ። አሁንም ይከብደኛል፣ አልተለወጠም።

ቀኝ ፍሬቻዬን አብርቼ ጠርዝ ያዝኩ። ሽው ብሎ አለፈኝ። የኋላ መስታወቱ ጥቁር ስለነበር ምን እንደጫነ አላየሁም።